ኡኡ የሌለበት አልበም

እኛ ሰፈር ሰው ሲጮህ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። አፍንጮ በር ተወልጄ እዚያው ነው ያደግኩት። ኡኡታ ከተሰማ ወጥ የምታማስል ማማሰያዋን እንደያዘች፣ ጸጉሩን የሚታጠብ አረፋው ጆሮው ላይ እንዳለ ይወጣል። የተኳረፉ ጎረቤቶችም ይወጣሉ። የሌባ ይሁን የእሳት፣ የምጥ ይሁን የሞት፣ የሚጣራው ከደረሱ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ በአባቴ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ማይክ ይዤ ሆዴ እስኪኮማተር የጮህኩት።

የመጀመሪያ ልምምዳችን ነበር። ሦስት ነን። እኔ እጮሃለሁ፣ አንዱ ጓደኛዬ ጊታር ይመታል፣ ሌላው ድራም ላይ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን እኩሌታው ላይ ሳይደርስ በሩ ተበረገደ። ከፊት እትዬ ናቸው። አጥር የምንጋራቸው፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሱቅ እንኳ ሰው የሚልኩ ሴት፤ ያን ቀን ግን ጎረምሶቹን ቀድመው ደርሰዋል። ከኋላቸው የጥጉ ባለሱቅ የሚዛን ብረት ጨብጧል፣ አንድ ሰውዬ ዱላ ይዟል፣ አንዲት ሴት ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል አምጥታለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወለሉ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ይሄ ሙዚቃ ቀጥ ብለው ቆመው የሚዘፍኑት አይደለም። ሴትየዋ አላመነታችም፤ ጸበሉን አናቴ ላይ ገለበጠችው። ጊታር መቺው «ማይኩ! ማይኩ!» እያለ ሶኬት ሊነቅል ሲዘል ከባለሱቁ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨ።

«ማነው የነካሽ?» አሉ እትዬ፣ ሁለቱን ልጆች በተራ እያዩ።

«ማንም አልነካኝም፣ እትዬ። እየዘፈንኩ ነው።»

«ይሄ?»

«አዎ።»

«ዘፈን?»

ባለሱቁ ግንባሩን እያሻሸ «ታዲያ ዘፈኑ ምን አድርጎሽ ነው?» አለኝ። ድራም መቺው ሳቁን መያዝ አቅቶት ከድራሙ ጀርባ ጎንበስ አለ። እትዬ አልሳቁም። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥግ ከነበረው ፍራሽ ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ይህ ሙዚቃ ስክሪሞ ይባላል። ለማያውቀው ሰው ሳስረዳ፣ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው እጁ ላይ ጊታር ቢያገኝ የሚያደርገው ነገር ነው እላለሁ። ኢሞቫዮለንስ የሚባለው ደግሞ ያው ሰው የመጨረሻው ታክሲ ሊያመልጠው ሲል ነው፤ ፈጣን፣ አጭር፣ ግፊያ የበዛበት። ብዙ ሰው የንዴት ሙዚቃ ይመስለዋል። እኔ ግን ሰምቼው የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ያለቀስኩበት ነው የሚበዛው።

እኛ ጋ የደረሰው በአሮጌ ስልክ ነው። ጊታር መቺው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ስልክ ይጠግናል። ከውጭ በጅምላ ከሚመጡት ያገለገሉ ስልኮች መካከል ማንም ሜሞሪውን ያላወጣለት አንድ ስልክ እጁ ገባ። ፎቶ የለ፣ የሰው ቁጥር የለ፣ ጢም ብሎ የሞላው ሙዚቃ ብቻ። የመጀመሪያውን ሲከፍት ስፒከሩ የተቀደደ መሰለውና ቀየረለት። በአዲሱም ስፒከር ያው ሆነ። ያን ጊዜ ነው የደወለልኝ፤ «ነይ እስቲ፣ ወይ እኔ ተበላሽቻለሁ ወይ እነዚህ ሰዎች» ብሎ።

ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። የምሠራው ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ የጥርስ ሕክምና ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያቃስት እሰማለሁ፤ ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ በለሆሳስ «እባክዎ ይቀመጡ፣ አሁን ይጠራሉ» እላለሁ። ድምፄ ለስላሳ ነው ብለው ነው የቀጠሩኝ። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የስልክ ቅራቅንቦ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንዱን አልበም ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ሲያልቅ ለካ እንዲህም ይቻላል አልኩ። የሚቻል መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

የስልኩን ባለቤት አናውቀውም፤ ጣዕሙን ግን እናመሰግናለን። ያለ እነዚህ ስክሪሞ አውቃለሁ ማለት ዘበት ነው የሚባሉት አልበሞች ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ውስጥ ነበሩ። ይህን ያወቅነው ቆይቶ፣ በኢንተርኔት ከሰው ጋር መከራከር ስንጀምር ነው። የባንዶቹን ስም እዚህ አልጠራም። የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ክርክር ሲወዱ ለጉድ ነው፤ አንዱን ጠርቼ አንዱን ብተው ሰላም አላገኝም። ምን እንደሚመስሉ ግን ልንገራችሁ። አንዱ አሜሪካ ውስጥ በሆነ ምድር ቤት የተቀዳ ነው። ጠቅላላው አንድ ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ ያልቃል፤ ቀረጻው ከቆሻሻም ቆሻሻ ነው። ዘፋኙ ግን ትንፋሽ ሲያጥረው ይሰማል፤ ያን ትንፋሽ ለመስማት ብዬ ስንቴ እንደመለስኩት። የጃፓኖቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። ጊታሩ ለብቻው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ይሄድና ድንገት ሁሉም በአንድ ላይ ይወድቃሉ። ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ዝግ ብላ ስትጀምርና ድንኳኑ በሙሉ ሲቀበላት የሰማ ሰው ያን አልበም ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። የጣሊያኖቹን የወደድኩት በዘመድ ነው። ከጩኸቱ መሀል መኪና የምትል ቃል ሰማሁና የፒያሳ ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። የፈረንሳዮቹ ለጊታር መቺው ነፍሱ ናቸው። እኔ የተማረ ሰው ለቅሶ እለዋለሁ፤ በጣም ተጠንቅቀው ነው የሚያለቅሱት። ይህን ባልኩ ቁጥር «አንቺ ፋራ ነሽ» ይለኛል፣ እስከ ዛሬም አልታረቅንበትም።

ድራም መቺውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ በአባቴ ቤተ ክርስቲያን ለመዘምራኑ ድራም የሚመታው እሱ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ መዘምራኑን የሚያሠለጥነውም እሱ። ድራም መቺው እሁድ በዝማሬ መሀል እጁን እንዴት አድርጎ እንደሚገታ ሳይ፣ ይሄ ሰው የሆነ ቦታ መለቀቅ አለበት አልኩ። የመጀመሪያውን አልበም ሳሰማው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ከዚህ የበለጠ መፍጠን ይፈቀዳል?»

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ሰፈሩ ከደረሰብን በማግሥቱ፣ እሁድ ከሰዓት፣ እትዬና ባለሱቁ ሳሎናችን ገቡ። ለሽምግልና እንደመጣ ሰው ተርታቸውን ተቀመጡ። ባለሱቁ ነጠላውን እያስተካከለ ወሬውን ጀመረው፤ ጸበል ብትሄድስ፣ ሽንቁሩ ሚካኤል... ብሎ ሳይጨርስ አባቴ ፈገግ አለ። የእኛ ቤት ፕሮቴስታንት ነው። ከአባቴ ወገን የሚመጣው ምክርም ያው መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የጸሎት ቡድኑ ቢመጣና እጅ ቢጭንባትስ የሚል መልእክት ጠዋቱኑ ደርሶታል። ከተማችን ውስጥ ሰው የሚጮህበት ቦታ አለ፣ ለቅሶ ቤት አለ፣ ጸበል አለ፣ የሌሊት ጸሎት አለ። ጤነኛ ሰው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በፈቃዱ የሚጮህበት ቦታ ግን አልተሠራም።

«ልጄ አልታመመችም» አለ አባቴ። «ድምፅዋ ነው። እኔም አልወደድኩትም። ግን ድምፅዋ ነው።»

አባዬ እንዲህ ያለበትን ቀን እስክሞት አልረሳም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በአስተማሪ ቃና «ቢያንስ ቃላቱን ለይተሽ ጩኺ፣ ምንም አይሰማም» አለኝ።

እትዬ ሻዩን እስኪጨርሱ ጠበቁ። «ስሚ ልጄ» አሉ። «ዘፈንሽ ዘፈን ይሁን፣ እኔን ምን አገባኝ። በእኛ ጊዜም ስንቱን አይተናል። ኡኡታ ግን ያንቺ አይደለም፤ የሁላችን ነው። ትላንት ኡኡ አልሽ፣ ሮጥኩ። ነገም ብትዪ እሮጣለሁ። በሦስተኛው ግን ይሄ ጉልበቴ "ተዪው፣ ያቺው ልጅ ናት" ይለኛል። ያን ቀን እውነት ቢሆንስ? ሌላ ቤት ቢሆንስ ደግሞ? ማን ይደርሳል?»

ከዚያ በፊት ጩኸት የሰው ንብረት ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ድንኳን ሲጣል ለጎረቤት እንደሚነገረው ሁሉ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ልምምድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብቻ ይሆናል። ሁልጊዜ ድራሙ ይቀድማል፤ ድራም ከተሰማ ሙዚቃ ነው፣ ማንም አይወጣም። ሦስተኛው ደግሞ የእትዬ ነው። «ሌላውን እንዳሻሽ ጩኺ። ኡኡ ግን አትነካም።»

ጊታር መቺው ሲሰማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሙድ እየያዙብን ነው? ያለ ኡኡ ምን ስክሪሞ አለ?» እውነቱን ነው። ጉሮሮ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያች ድምፅ ነው። እኔ ግን እሺ ብያለሁ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ድምፄን እንደ አዲስ መግራት ጀመርኩ። በአ፣ በኤ፣ በኦ መጮህ ተማርኩ። ከጉሮሮ ሳይሆን ከወገብ በላይ ካለው ከሆድ እየገፉ፣ ጉሮሮን ሳያቆስሉ መጮህ የራሱ ሙያ አለው፤ ያን ሙያ ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ተለማመድኩት። ስንኝ ስጽፍም መጨረሻው ወደዚያች ድምፅ የሚጎትት ቃል ከመጣ እጥለዋለሁ። በዓለም ላይ ስንት የስክሪሞ ባንድ እንዳለ አላውቅም፤ አንድ ድምፅ በጎረቤት የታገደበት ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ይህን ስናገር ደረቴ ይነፋል። ከእገዳው በኋላ ነው ዘፈኖቻችን ዘፈን የሆኑት፤ እንደልቤ ኡኡ እያልኩ ብቀጥል ኖሮ ከዚያ ስልክ ውስጥ ያለ የአንዱ ባንድ ግልባጭ ሆነን እንቀር ነበር።

ስለምን እንደምንጮህም ልንገራችሁ። ስለ ጥርስ ሕመም አንድ ዘፈን አለን። ዝናብ ሲጥል ፒያሳ ላይ ታክሲ ስለመጋፋት አንድ አለን፤ ያ ኢሞቫዮለንሳችን ነው፣ ሳትጀምረው ያልቃል። የድራም መቺው ቤተሰቦች የዕቃ ሱቅ የነበረበት የድሮው የፒያሳ ቤት ሲፈርስ ደግሞ ረጅሙን፣ የሱቋን ዘፈን ጻፍን። እሱ አባቱ የሱቁን ቆርቆሮ በር ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋበትን ድምፅ በድራም ሠራው። ያን ዘፈን ስንጫወት ሦስታችንም አንተያይም።

መጫወቻ ቦታ ፍለጋ ፒያሳን አካለልነው። አንዱ የካፌ ባለቤት ከስልኬ ላይ ለሁለት ደቂቃ ሰምቶ «የኔ እህት፣ ደንበኛ ማኪያቶውን ይደፋብኛል» ብሎ መለሰኝ። ሌላው ከሰማ በኋላ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። ስለዚህ መድረካችን ሰርቪስ ቤቱ፣ ሕዝባችን ሰፈሩ ሆነ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እትዬ በርጩማቸውን አውጥተው አጥሩ ሥር ጉልበታቸውን ፀሐይ ያስመታሉ። መጀመሪያ የሚጠብቁን መስሎኝ ነበር፤ ቃሌን ማክበሬን ሊሰልሉ። ኋላ ግን ልምምድ ጨርሰን ስንወጣ አስተያየት መስጠት ጀመሩ።

«የሱቋ ዛሬ ፈጠነችብኝ» ይሉናል። «ያ ልጅ ምን አስቸኮለው? በሩ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው።»

ድራም መቺው በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀስ ብሎ ዘጋው። ትክክል ነበሩ።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ አልበም ለመቅዳት ወሰንን። ገንዘብ አልነበረንምና በሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ ፍራሽ አቁመን በላፕቶፕ ነው የቀዳነው። ጊታር መቺው አንድ ተጨማሪ ማይክ በመስኮት አውጥቶ ወደ ግቢው ሰቀለ። «ሰፈሩ ይግባበት» አለ። «እነዚያ የምድር ቤት አልበሞች የሚጣፍጡት ቤቱ ስለሚሰማ ነው። የኛ ደግሞ አፍንጮ በር ይሽተት።» እውነትም ከጊታሩ ሥር የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ፣ ፒያሳ!» ሲል ይሰማል፣ የሰው ልጅ ሲያስነጥስ ይሰማል። ይህን ሐሳብ ያመጣው እሱ ስለሆነ ዛሬም ይኮራበታል፤ ይገባዋል።

የመጨረሻው ቅዳሜ የሱቋ ዘፈን ብቻ ቀርታ ነበር። መጨረሻዋ ላይ ጊታርና ድራም ብቻቸውን ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። የኔ ድምፅ ካለቀ በኋላ ውኃ ልጠጣ ቀስ ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ልጆቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ይመታሉ። ወደ ዋናው ቤት ስደርስ አባቴ ከኩሽናው ደፍ ላይ ወድቋል። ስኳር አለበት። ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ፣ ስጠራው አይመልስም።

ጮህኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ እንደተማርኩት ነው የጮህኩት፣ ከሆዴ፣ በአ፣ በሙሉ ኃይሌ። «አባዬ!» አልኩ፣ ጎተትኩት። ከሰርቪስ ቤቱ ድራሙ ይወርዳል። ማንም አልወጣም። ደግሜ ጮህኩ። የጥጉ ባለሱቅ በኋላ እንደነገረኝ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰምቶኛል፤ «ዛሬስ በደንብ ይዟታል» ብሎ ለደንበኛው ነግሮታል። ድራም አለ፣ ቅዳሜ ነው፣ ሙዚቃ ነው። ሁሉም የተስማማነውን ነው ያከበረው።

ያን ጊዜ ኡኡ አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስልት የለው፣ ትንፋሽ የለው፣ ጉሮሮዬን ቀዶ ወጣ። አንዴ ብቻ ነው ያልኩት፤ ሁለተኛውን ሳልደግም የግቢያችን በር ተበረገደ። ድራሙ ገና አላቆመም ነበር። እትዬ በባዶ እግራቸው ናቸው። ባለሱቁ፣ ደንበኛው፣ ከላይ ሰፈር የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ግቢውን ሞሉት። እትዬ የአባቴን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ድዱን በጣታቸው ማር ቀቡት፤ ባለሱቁ መኪና አስቆመ፤ በብርድ ልብስ ተሸክመው አስገቡት። ልጆቹ ማዳመጫቸውን አውልቀው ሲወጡ መኪናው ተነስቷል።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ አለችና አልጨረሰችውም። አባዬ በማግሥቱ ተቀምጦ በላ። የኔ ድምፅ ግን ጠፋ፤ ክሊኒክ ውስጥ ሰው በእጅ ምልክት ማስቀመጥ ጀመርኩ። ታካሚዎቹ ጥርሴን ያመመኝ እየመሰላቸው አዘኑልኝ።

ጊታር መቺው የደወለልኝ ያን ሰሞን ነው። «ነይ፣ ብቻሽን ነይ» አለ። ሱቁ ገብቼ ያችኑ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የሱቋን ቅጂ ከፈተልኝ። ለካ ልጆቹ ሲመቱ ላፕቶፑ እየቀዳ ነበር፤ የመስኮቱ ማይክም ወደ ግቢው ተሰቅሎ ነበር። ጊታሩና ድራሙ ወደ ቆርቆሮ በሩ መዘጋት ሲቃረቡ ከሥራቸው ያ ኡኡ ይመጣል። ከዚያ የበሩ መበርገድ፣ ከዚያ የእግር ኮቴ፣ የብዙ ሰው ኮቴ፣ ከዚያ የእትዬ «መጣን! መጣን!»

«ጀለስ» አለኝ፤ «አባትሽ ናቸው፣ አውቃለሁ። ግን ስሚው። እነዚያ ሁሉ አልበሞች የሚፈልጉት ይሄን ነው። አንዳቸውም አላገኙትም። እኛ አገኘነው።»

ሳልደብቅ ልናገር። ኮራሁ። አባቴ የወደቀበት ቀን መሆኑን እያወቅኩ እንኳ ኮራሁ። ከዚያ ስልክ ውስጥ ያሉትን አልበሞች ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ያን የሚያህል ድምፅ የትኛውም ላይ የለም። ብናወጣው ስማችን ከእነሱ ተርታ እንደሚጠራ ሁለታችንም ገብቶናል። ድራም መቺው ይግባ አለ። ጊታር መቺው ይግባ አለ። እኔ አባቴን ጠየቅኩት። የጠየቅኩት ይግባ እንዲለኝ ነበር።

አባዬ ሰማው። «የኔ ቢሆን እሰጥሽ ነበር» አለ። «የሰፈሩ ነው። እትዬን ጠይቂ።»

አልበሙ ወጥቷል። ኢንተርኔት ላይ ነው፣ የፈለገ ያገኘዋል። ከጃፓን አንድ ሰው ሙሉውን በአንድ ተቀምጦ ሰምቶ የታክሲዋን ዘፈን ቃል በቃል ትርጉሟን ላኩልኝ ብሎ ጻፈልን፤ ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ በለሆሳስ መናገር አቃተኝ። አንድ የዚህ ሙዚቃ ተከራካሪ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን አልበሞች ሲደረድር የኛን ከመጨረሻ ሁለተኛ አስቀመጠ። ለጊታር መቺው ያ ቦታ ስድብ ነው፤ እኔ ግን ለሰው ሁሉ እያሳየሁ ዞርኩ። የአፍንጮ በር ጩኸት እኮ ነው! የሱቋ መጨረሻ ላይ ጊታርና ድራም ብቻ ይሰማሉ። እንደ አዲስ ቀድተናት፣ የመስኮቱን ማይክ ነቅለን ነው ያስገባናት። የድሮው ቅጂ ከላፕቶፑም ከስልኬም ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬን በጠየቅኩበት ቀን።

ቅዳሜ ነበር። ልምምድ አልነበረንም፤ እትዬ ግን እንደለመዱት አጥሩ ሥር ጉልበታቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና ነገሩን ነገርኳቸው፤ ቅጂ አለ፣ እናውጣው ወይ፣ ምን ይላሉ። ድምፄ ገና ሻካራ ስለነበር የሰሙኝ አልሰሙኝ እርግጠኛ አልነበርኩም። «እስቲ አሰሚኝ» አሉ። የሻሻቸውን ጫፍ ገልጬ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው፣ ስልኬን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። ዘፈኗን ሲያውቋት ፊታቸው በራ። በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ «አሁን ደህና ሄደች፣ አልቸኮለም» አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ይሄ ነገር ሊሆንልኝ ነው ብዬ።

ከዚያ ጣታቸው ቆመ። ምን ላይ እንደደረሱ አወቅኩ። እትዬ በአንድ እጃቸው ትከሻዬን፣ በሌላው አጥሩን ይዘው ብድግ አሉ። ስልኬ መሬት ወደቀ። ሽቦው ከጆሯቸው ተነቅሎ ተንጠለጠለ። ጫማቸውን በእግራቸው ሲዳብሱ አጡትና ትተውት በባዶ እግራቸው በሩ ጋ ደረሱ፤ ያ የማይታጠፍ ጉልበት እንዴት እንዳደረሳቸው አላውቅም። መቀርቀሪያውን እየሳቡ ዞረው አዩኝ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ እኔ አሁንም ቁጢጥ እንዳልኩ ነኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ተነሺ እንጂ! የማን ቤት ነው?»

ሄጄ እጃቸውን ከመቀርቀሪያው ላይ አነሳሁ።

«የኛ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ደርሳችሁልናል። ይቀመጡ።»